የእናቴ ሻንጣና ሦስቱ ኮንትራክተሮች

እኔ ሽንት ቤቱን ሳላይ ለማንም ዋጋ ነግሬ አላውቅም። ሥራዬ የቢሮ ጽዳት ነው። አትላንታ እንደመጣሁ የሰው ቢሮ አጸዳ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሰው ቀጥሬ አስጸዳለሁ። ደንበኛ ደውሎ «ቢሮዬ ይህን ያህል ስኩዌር ፊት ነው፣ ስንት ታስከፍይኛለሽ?» ሲለኝ መልሴ አንድ ነው፤ «መጥቼ ልየው»። ሳያይ ዋጋ የሚጠራ ሰው ወይ አጭበርባሪ ነው፣ ወይ ሥራውን ጀምሮ ጥሎ የሚጠፋ ነው። ስለዚህ የቤቴን አየር ማቀዝቀዣ፣ ኤሲውን፣ የሚቀይር ኮንትራክተር መምረጥ ሲኖርብኝ፣ ስለ ሥራው የማውቀው ነገር ባይኖርም አልፈራሁም። ዋጋ ሰጪ ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ያው አንዷ ነኛ!

የፈራሁት እናቴ እንዳትሄድብኝ ነው።

እናቴ አትላንታ አጠገብ ሊቶኒያ በገዛሁት ቤት ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ጠዋት ጠዋት የማኅበር ጓደኞቿ በቫን እየመጡ ቤተ ክርስቲያን ይወስዷታል፣ ከሰዓት ጓሮ ወርዳ ጎመኗን ትኮተኩታለች፣ እኔ ስገባ የቀኑን ወሬ ሁሉ ትዘረግፍልኛለች። ታናሽ ወንድሜ ያለው ዴንቨር ነው። እሱ ቤት ቀን ቀን ሰው አይውልም፣ ልጆቹ ከ«ሰላም አያቴ» የዘለለ አማርኛ የላቸውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ሩቅ ነው። እሱ ግን በደወለ ቁጥር «መቼ ነው የምትልኪልኝ?» ይለኛል፣ ዕቃ ይመስል።

ታዲያ እዚህ ሙቀቱ በሚበረታበት በሐምሌ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እናቴን ክፍሏ ውስጥ ወለሉ ላይ ወድቃ አገኘኋት። ነጠላዋን እንዳጣፋች፣ የጸሎት መጽሐፏ አጠገቧ። ሰውነቷ ያቃጥላል፣ ጠብታ ላብ የላትም። ማርያም ድረሺልኝ! ክፍሉ ራሱ ምጣድ ሆኗል። የእሷ ክፍል ከጋራዡ በላይ፣ ጥቂት ደረጃ ወጣ ብሎ ስለሆነ ድሮም ከሌላው ይሞቃል፤ እንዲህ ሲሆን ግን አይቼ አላውቅም። አምቡላንስ ጠራሁ። ሆስፒታል ውሃ በደም ሥሯ ሰጧትና ነፍሷ ተመለሰ። ዶክተሩ ወደ ኮሪደር ወስዶኝ፣ «በዚህ ዕድሜ ሙቀት ቀልድ አይደለም። የምትተኛበት ክፍል ካልቀዘቀዘ ተመልሳ ትመጣለች፤ በሚቀጥለው ደግሞ በሰዓቱ ላትደርሺላት ትችያለሽ» አለኝ።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ሰበብ አገኘ! «በቃ፣ አለቀ። እስከ እንቁጣጣሽ ቤቱን ካላስተካከልሽ መጥቼ እወስዳታለሁ።» ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ሲያዘኝ በስልክ ውስጥ ጆሮውን እቆነጥጠው ነበር። ያን ቀን ግን አፌን ያዘኝ፤ ምክንያቱም አንድ ያልነገርኩት ነገር ነበር።

ከግንቦት ጀምሮ የእናቴ ትልቁ ሻንጣ፣ ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችው፣ ከቁም ሳጥኑ ወጥቶ አልጋዋ አጠገብ ተጋድሟል። በየቀኑ አየዋለሁ። በየቀኑ ዘልዬው አልፋለሁ። መሄድ ፈልጋለች ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ወንድሜ በስልክ አሳምኗታል፣ ለእኔ መንገር ከብዷታል አልኩ። አልጠየቅኳትም። ምን ብዬ ልጠይቃት? አዎ ብትለኝስ? ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።

እናቴ ከሆስፒታል በወጣች ሳምንት ኤሲው ጭራሽ ሞተ። ለማየት የመጣው ቴክኒሺያን ውጭ የቆመውን ማሽን ከፍቶ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ሽማግሌ ነው። በጋዝ የሚሠራው የዊንተር ማሞቂያሽም እኩያው ነው። ሁለቱን ለየብቻ ከምትቀይሪ ሂት ፓምፕ አስገቢ» አለኝ። ሂት ፓምፕ አንድ ማሽን ነው፤ በሙቀቱ፣ ሰመር ላይ፣ የቤቱን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል፣ በብርዱ፣ ዊንተር ላይ፣ ደግሞ የውጭውን ወደ ቤት ያስገባል። ለወንድሜ ስነግረው «እናታችን በሙቀት ወድቃ አንቺ ሌላ ሂት ልትገዢ!» ብሎ ጮኸብኝ። አስረዳሁት። አልሰማኝም፤ መቼስ ሰምቶኝ ያውቃል።

ለጊዜው መስኮት ላይ የሚገጠም ትንሽ ኤሲ ገዝቼ ሳሎን አስገባሁና እናቴን እዚያ ሶፋው ላይ እንድትተኛ አወረድኳት። ፊት ለፊቱ መቀመጥ ግን ወዴት! ጥግ ላይ ጋቢ ተከናንባ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ትውላለች።

ከዚያ ዋጋ ማሰባሰብ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ከአንድ ትልቅ ድርጅት የተላከ ሰው ነበር፤ ጫማው ያብረቀርቃል፣ ታብሌት ይዟል። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የቤቱን ስፋት ጠየቀኝ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ታብሌቱን ነካ ነካ አደረገና «አምስት ቶን ያስፈልግሻል» አለ። ቶን የሚሉት የማሽኑን አቅም ነው። አሁን ያለኝ ሦስት ነበር። ዋጋውን ሲነግረኝ ያቺን የምነዳትን ቫን ስገዛ የከፈልኩት ትዝ አለኝ፣ ይሄ ከሷ ይበልጣል።

«ክፍሎቹን አታያቸውም?» አልኩት።

«አያስፈልግም፣ በእንዲህ ዓይነት ቤት ልምድ አለን። ዛሬ ከፈረምሽ ልዩ ቅናሽ አለሽ። ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ በታክስ ይመልስልሻል።»

የዛሬ ብቻ ቅናሽ! እኔን! ይህቺን ዘዴ ለሌላ ሰው ይሞክራት። አጠገቡ ተቀምጬ ታክሴን ለሚሠራልኝ ሰው ደወልኩና ስፒከር ላይ አደረግኩት። «የፌዴራሉ የታክስ ተመላሽ አብቅቷል፣ አሁን ለሚገባ ማሽን አይሠራም» አለ ያኛው ቁርጥ አድርጎ። «የስቴቱ ድጋፍ ግን አለ። እሱ ሪቤት ነው፣ ከዋጋው ላይ ይቀንሱልሻል፤ በቤተሰብ ገቢ ይወሰናል። ግን ልብ በይ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መጽደቅ አለበት፤ የሚሠራውም እነሱ የተቀበሉት ኮንትራክተር መሆን አለበት። ሠርተሽ ስታበቂ ሄደሽ ብትጠይቂ ሰሚ የለሽም።» ባለ ታብሌቱ «ሕጉ ሊመለስም ይችላል እኮ» አለ። «ሲመለስ አንተም ትመለሳለህ» አልኩት። ውሃውን ጠጥቶ ሄደ።

ሁለተኛውን ግን እንዲህ በቀላሉ አልሸኘሁትም። እሱ የእኛው ልጅ ነው። እናቱና እናቴ የአንድ ማኅበር ጽዋ ጠጪ ናቸው። ዱሉዝ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፣ ቅዳሜና እሁድ ለሀበሻ ቤት ኤሲ ይገጥማል፤ እጁም ደህና ነው ይባላል። እኔ ሰው እያፈላለግኩ እንደሆነ ሲሰማ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ወሬው እንደ ጉድ ተራባ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ የሰማሁት በመጨረሻ ነው። ከቅዳሴ ስንወጣ እናቱ እጄን ይዘው፣ «የኛ ልጅ እያለ ፈረንጅ ቤትሽ ታስገቢያለሽ?» አሉኝ። ምን እላለሁ? ይምጣ አልኩ።

መጣ፣ የውጩን ማሽን አየ፣ ጋራዥ ውስጥ ገብቶ ጣሪያው ላይ የሚሄዱትን የአየር ቧንቧዎች በባትሪ አየ። ከፊተኛው ይሻላል አልኩ በልቤ። የእናቴ ክፍል በር ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። እናቴ ውስጥ ጸሎት ላይ ነበረች፤ መኝታዋ ሳሎን ቢሆንም ለጸሎት ክፍሏ ነው የምትወጣው።

«እማማን አላስቸግራቸው፣ ይቅር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ያሳደጉት እናት ይባረኩ፣ ጨዋ ልጅ ነው። የጠራው ዋጋም የባለ ታብሌቱን ግማሽ አይሞላም። «በሁለት ቀን አስገባልሻለሁ፣ እትዬ።»

«ፐርሚትስ? የካውንቲው አስተዳደር ፈቃድ?»

«ፐርሚት ምን ይሠራልሻል? ካውንቲ ጋ ስትመላለሺ ሰመሩ ያልቅብሻል።»

«የሙያ ፈቃድ፣ ላይሰንስ አለህ?»

ሳቅ አለ። «በቅርቡ እፈተናለሁ።»

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ሸፈተ። ከሁለት ቀን በኋላ እናቴ ክፍሏ ትገባለች፣ ለወንድሜ ፎቶ አንሥቼ እልክለታለሁ፣ አለቀ ደቀቀ። በዚያ ላይ ይሉኝታው! እምቢ ካልኩ እናቱን በየሳምንቱ ምን ዓይን ይዤ ልያቸው? ግን ያለ ላይሰንስና ያለ ፐርሚት የገባ ማሽን የስቴቱን ድጋፍ አያገኝም። ዋጋው ግማሽ መስሎ ድጋፉን ሲያስቀርብኝ ያው ውድ ነው። ቢበላሽ ደግሞ የማኅበር ልጅ ላይ ክስ አልመሠርት! አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይላሉ። ምሳ አቀረብኩለት፣ እስኪጠግብ አጎረስኩትና «ላይሰንስህን ያገኘህ ቀን የመጀመሪያዋ ደንበኛህ እኔ ነኝ፣ ዛሬ ግን አይሆንም» አልኩት። እሱ አልተቀየመም። እናቱ ግን ለሁለት እሁድ ጉንጫቸውን እንጂ ልባቸውን አልሰጡኝም። ይሁን፣ ያልፋል አልኩ።

ሦስተኛዋ ሴት ናት። እዚሁ አቅራቢያ፣ አቮንዴል እስቴትስ ከተማ ውስጥ ትንሽ ድርጅት ያላት ጥቁር አሜሪካዊት፤ ስሟን ስቴቱ ከተቀበላቸው ኮንትራክተሮች መሀል ነው ያገኘሁት። ጉልበቱ ላይ የነጣ ሱሪ ለብሳ፣ ሜትር፣ ባትሪና የአየር ግፊት መለኪያ ይዛ መጣች። መስኮቶቹን ለካች። ኮርኒስ ውስጥ ገብታ አቧራ ለብሳ ወጣች። የመብራትና የጋዝ ቢል ጠየቀችኝ። እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ በልቤ ማርክ እሰጣለሁ፤ ሽንት ቤቱን ሳይቀር ስታይ ጊዜ «ይቺ የኔ ቢጤ ናት» አልኩ።

ከዚያ ቆም ብላ «ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውለው ማነው?» አለችኝ።

«እናቴ ናት፤ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ቤት ነው የምትውለው።»

«እንግዲያው እሷን ነው የምጠይቀው።»

«እንግሊዝኛ አትችልም።»

«አንቺ ትችያለሽ አይደል?»

እናቴ ክፍሏ ውስጥ እየጸለየች ነበር፤ ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት ጠዋት ወጥታ እዚያ ነው የምትጸልየው። ሴትየዋ በሩ ላይ ጠበቀች። የእናቴ ጸሎት ደግሞ አጭር እንዳይመስላችሁ። ኮንትራክተሯ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ማስታወሻዋን ስትጽፍ ቆየች እንጂ አንዴም ሰዓቷን አላየችም። እናቴ ስትጨርስ ገባን። ሴትየዋ ክፍሉን ዞረችው፣ ወለሉን ቃኘች፣ ወደ ጋራዥ ወርዳ ተመለሰች።

«ከታች አንድ ቧንቧ ወደዚህ ክፍል ይወጣል። አየሩ የሚወጣበት ቀዳዳ ግን አይታየኝም። ይህን ሻንጣ ማንሣት ይቻላል?»

«እሱ ይቅር» አልኳት ቶሎ ብዬ። «የመንገድ ነው።»

እናቴ ምን እንደተባለ ሳትጠይቅ ከበሩ በኩል «ሻንጣውን እንዳትነካው በያት!» አለች። እንዲህ ደንግጣ አይቻት አላውቅም።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። እንግዲህ ሊለይልን ነው አልኩ። ሁለት ወር ሙሉ የዘለልኩትን ሻንጣ ጆሮውን ይዤ ጎተትኩት። አይነቃነቅም! ከፈትኩት። ልብስ የለበትም። የዊንተር ብርድ ልብስ ብቻ ነው፣ ታጭቆ ታጭቆ። የእናቴ ቀሚሶች፣ ነጠላዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ጫማዋ፣ ሁሉም ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንደነበሩ ናቸው። ሻንጣውን ከኮንትራክተሯ ጋር ስናነሣው ከሥሩ አራት እጥፍ የሆነ ጋቢ አለ። ከጋቢው ሥር ፌስታል አለ፣ ዙሪያውን በፕላስተር የተለጠፈ። ከፌስታሉ ሥር የቀዝቃዛው አየር መውጫ።

«እማዬ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ነፋስ ነዋ!» አለች፣ እኔ ጥፋተኛ የሆንኩ ይመስል። «ተኝቼ ሳለ ከወለል ተነሥቶ ወገቤን ነው የሚመታኝ። ብርድ ገብቶብኝ ሽባ ልሁንልሽ? እዚያ ሳሎን ሶፋው ሥር ያለውንም ደፍኜዋለሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ያለውንም።»

ሳቅ ልስቅ ነው፣ ልጮህ ነው፣ አላውቅም። በሙቀት ልትሞት የነበረችው ነፋስ ፈርታ! የሀበሻ እናት መቼም ከጅብ ይልቅ ነፋስ ትፈራለች፤ አውቶቡስ ውስጥ ሁሉም በላብ ሲጠመቅ መስኮት ዝጉ የምትለው እሷ ናት። ይህን እያወቅኩ እንዴት አልጠረጠርኩም?

«በረደኝ ብትይኝ ምን ነበረበት? ሲሞቅሽስ ሞቀኝ ብትይኝ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስትይ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች፣ «በረደኝ ካልኩ ወንድምሽ ይሰማል» አለችኝ። «አየሩ አልተስማማትም ይላል። ሞቀኝ ካልኩም ያው ነው። በሰበቡ ይወስደኛል። እዚህ እንድቆይ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፣ ልጄ።»

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እኔ ልትሄድ ነው ብዬ ያለቀስኩበት ሻንጣ፣ እሷ ላለመሄድ ያስቀመጠችው ነበር። አቀፍኳት። ኮንትራክተሯ ምን እንደተባለ ስለማታውቅ ግራ ተጋብታ ቆማለች። ስተረጉምላት ፈገግ አለችና «የኔም አያት ቬንቲሌተር ፊት አትቀመጥም ነበር» አለች። ከዚያ ወዲያው ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «አምስት ቶን አያስፈልግሽም። ሦስት ይበቃል። የቤትሽ ችግር የማሽን ማነስ ሳይሆን አየር መታፈን ነው፤ ማሽኑ በዕድሜ ነው የሞተው፣ መታነቁ ግን አላገዘውም። ቀስ እያለ የሚሠራ፣ ነፋስ የማይወረውር ዓይነት አስገባለሁ። የእናትሽን ቀዳዳ ደግሞ ከአልጋው ራቅ አድርጌ ወደ ወዲያኛው ግድግዳ እወስደዋለሁ፤ አየሩ ወደ ጣሪያ ይወጣል እንጂ አይነካትም።»

ዋጋዋ በሁለቱ መሀል ነበር፤ ምን ምን እንደሚያካትት አንድ በአንድ ጽፋ ሰጠችኝ፣ ፐርሚቱም የካውንቲው ምርመራም ውስጡ አለ። የስቴቱ ድጋፍ ሲቀነስለት ከሁሉም ቀላሉ ሆነ። መረጥኳት። አፕላይ አደረግን፣ የገቢ ማስረጃዬን ላክሁ፣ እስኪጸድቅ መጠበቅ መጣ። ነሐሴ ያለ ርኅራኄ ሞቀ። ወንድሜ በየቀኑ እየደወለ «ዛሬም አልገባም?» ይለኛል። ማኅበርተኞቹ «የኛ ልጅ ቢሆን እኮ እስካሁን...» ይላሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እላቸዋለሁ። ያለ ፈቃድ ልጀምርልሽ ብትለኝ ኖሮ ኮንትራክተሯንም አባርራት ነበር። ፍልሰታ ተጾሞ ተፈታ፣ ከዚያ በኋላ ማጽደቂያው መጣ፤ በጳጉሜን ሥራው አለቀ፣ የካውንቲው ተቆጣጣሪም አይቶ ፈረመ።

ወንድሜ የእንቁጣጣሽ ለት መጣ። የእናቴን ትኬት ስልኩ ውስጥ ይዞ። እንደገባ ግንባሩን አኮሳትሮ ቤቱን ዞረው፣ የእናታችን ክፍል ገብቶ መዳፉን ዘርግቶ ቆመ። ውጭ አስፋልቱ ይፋጃል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ መጋረጃው እንኳን አይወዛወዝም፣ ግን ቀዝቃዛ ነው። እጁን ኪሱ ከትቶ ወደ ሳሎን ወረደ። ሻንጣው ጋራዥ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ራሴ ነኝ የሰቀልኩት።

ምሳ ልናቀርብ ስንል ከላይ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«አንቺ! በረደኝ!»

ወንድሜ ከሶፋው ብድግ አለ። «ይኸው! አልኩሽ አይደል? አየሩ አልተስማማትም!»

«አንተን ማን ጠራህ?» አለች እናቴ ከላይ። «ልጄን ነው የጠራሁት! ቤቴ አይደለም እንዴ፣ በረደኝ ብልስ?»

ወንድሜ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ስልኩን አወጣና ሳያናግረኝ ትኬቱን ካንስል አደረገ። እኔ ወጥቼ ሙቀቱን ትንሽ ከፍ አደረግኩላት። ገና ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ «አሁን ደግሞ ሞቀኝ!» አለች። ያን ቀን እስኪመሽ ደጋግማ ጠራችኝ፤ በጠራችኝ ቁጥር ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ።